ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ፦ የስታዲየሙን ሣር ሲንከባከቡ የኖሩት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን የአናጢው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ ታጥብ የነበረችው እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የትውልድ ቤታቸው ከአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ የነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስትሆን፣ በመስኮቷ ቀኑን ሙሉ የመጋዝ ድምፅና የእንጨት ብናኝ ይገባ ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን ዓመት ሳይሞላው ስላረፈ፣ እሳቸውና እኔ በዘጠኝ ዓመት ልዩነት ሁለት ብቻ ሆነን አደግን።

ይህን የጻፍኩትም የማነበውም እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። በሕይወት ሳሉ «ጋሼ» ብዬ ጠርቼ «አንተ» እያልኩ ነው ያናገርኳቸው። እንዲህ ያለ ወረቀት በአክብሮት ነው የሚጻፈው ስላሉኝ ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ፤ አፌ ካመለጠኝ ተዉልኝ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ «አክስቴ፣ በናትሽ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው» ብሎ ለምኖኛል። ያልፋል። ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ እናንተም ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ ምንም አትሆኑም።

እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ወንድሜን የምታውቋቸው «ጋሽ ዜብራ» በሚለው ስም ነው። በፍቅር የምትጠሩበት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ የለመዳችሁትም ትበዛላችሁ። ስሙ የወጣላቸው በስታዲየሙ ሣር ላይ በደረሰ አንድ ጥፋት ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። የማን እንደነበረ አውቃለሁ፤ አፈር ሳይለብሱ መናገር አለብኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው መስማት አለባቸው። ዓመታቱን እየተከተልኩ እደርስበታለሁና ታገሡኝ።

ወንድማችን ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከትምህርት መልስ አባታችንን ለማገዝ መላጊያ ይይዙ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ጣውላ ሳይጨርሱ ይመሻል። አንድ ጎን ልገው በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ይገለብጡታል፣ እንደገና ይዳስሱታል። አባታችን «ይሄ ልጅ እስኪልግ ድረስ እንጨቱ ተመልሶ ያቆጠቁጣል» እያለ ለደንበኞቹ ያሾፍባቸው ነበር። አባታችን ከጣሪያ ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ ግን ጨዋታው አበቃ። ወንድማችን ደብተራቸውን ዘግተው በአሥራ አምስት ዓመታቸው በአንድ ችግኝ ጣቢያ ውኃ አጠጪ ሆነው ተቀጠሩ። እኔን እንደ እኩዮቼ ንጹሕ ዩኒፎርም አልብሰው ያስተማሩኝ በዚያ ሥራቸው ነው። ይህንንም በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ አንስተውብኝ አያውቁም።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ወደ ከተማው ስታዲየም በቀን ሠራተኛነት ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቋሚ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ማዳበሪያ የሚበተነው በእጅ ነበር። ስድስት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ከሳፋ እየዘገነ ይወረውራል። አንዱ ጉልበት አለው፣ አንዱ ወሬ ይዞታል፣ አንዱ ደክሞታል። ሣሩም አንድ ቦታ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ አንድ ቦታ ራሰ በራ ነው። ተጫዋቾቹ ኳሷ ስትነጥር ወዴት እንደምትሄድ አያውቁም ነበር። ወንድማችን ይህ ነገር እንደ ግል ስድብ ይሰማቸው እንደነበር የሥራ ጓደኞቻቸው ይናገራሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ስታዲየሙ የማዳበሪያ መበተኛ ጋሪ ገዛ። ላላያችሁት፣ ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ማዳበሪያው የሚሞላበት ቋት አለው፤ ከቋቱ ሥር አንዲት ክብ ሳህን ጎማው በተንከባለለ ቁጥር እየተሽከረከረች ፍሬውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ትወረውራለች። እጀታው ላይ መክፈቻና መዝጊያ ማንሻ አለው፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስን ባለ ቁጥር መቆጣጠሪያም አለው። ሌሎቹ ሠራተኞች አንድ ሳምንት ተራ በተራ እየገፉ ሳቁበት፤ ከዚያም ሰለቻቸው። ወንድማችን ግን ከካርቶኑ ውስጥ የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ የሚተረጉምላቸው የሰፈራችን አስተማሪም እስኪሰለቸው ድረስ ደጋግመው አስነበቡት።

ወረቀቱ ያላለውንም ራሳቸው ፈልገው አገኙ። በመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ አሥራ አንድ የጣሳ ክዳን በእርምጃ ልዩነት ደርድረው ጋሪውን በመሃል ይነዱና፣ እያንዳንዱ ክዳን ውስጥ የወደቀውን ፍሬ በጣታቸው ይቆጥራሉ። በዚህም አንድ ነገር ተረዱ፤ ሳህኗ ከጎማው አጠገብ ብዙ ትጥላለች፣ ራቅ ሲል እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሪውን የሚገፋው ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሚወረውረው ፍሬ ቀድሞ የሄደበት የጎማ ዱካ ድረስ መድረስ አለበት። የሳሳው በሳሳው ላይ ሲደረብ ነው እኩል የሚሆነው። ሌላውም ሕጋቸው ይኸው ነበር፤ ለሜዳው ከተመደበው ማዳበሪያ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ። መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ መክፈት፤ መጀመሪያ መዝጋት፣ ከዚያ መቆም። ቆመህ ከከፈትክ አንድ ጭብጥ ፍሬ እዚያው ይዘረገፋል፤ በሦስተኛው ቀን የምጣድ ያህል ክብ ተቃጥሎ ታያለህ። ሥራው ሲያልቅ ጋሪው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። ይህን ሁሉ እኔ ከእሳቸው ነው የተማርኩት፤ የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው።

አረማመዳቸውም ከዚያ በኋላ ያው የጋሪው አረማመድ ሆኖ ቀረ። በመንገድም፣ በሐኪም ቤት ኮሪደርም፣ በሰው ሠርግም አንድ ዓይነት እርምጃ ነው። ዝናብ ቢመጣ አይሮጡም። ባለቤታቸው «ከሱ ጋር ገበያ መውጣት ማለት ሰልፍ መውጣት ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በሥራ ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ ስታዲየሙ አራት የማዕዘን ባንዲራ አሰፍቷቸው ነበር። ወንድማችን ባንዲራዎቹን ተቀብለው ለኩና አንደኛው በሁለት ጣት ያንሳል ብለው መለሱት። «ሰውየው ያመዋል እንዴ? ማን ባንዲራ ይለካል?» ብለው እንደተቆጡ ባለቤታቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ሁለተኛ ሰፍተው ሲያመጡ ወንድማችን መለኪያውን ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ ሳይለኩ ተቀበሏቸው። በዓመቱ፣ ወንድማችን በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ልጆቻቸውን ጠዋት ቁርስ የሚያበሉት እሳቸው ነበሩ፤ ይህም ለልጆቹ ፈተና ነበር። ማርማላታውን ዳቦው ላይ ሲቀቡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ አራቱም ማዕዘን ሳይቀር ካልተዳረሰ አይሰጡም። ልጅቱ ቦርሳዋን ተሸክማ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ ደወሉ ተደወለ እኮ!» እያለች ታለቅሳለች። ዛሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስትሠራ እንክብል እንደ አባቷ እየቆጠረች ሰው ታሰልፋለች አሉ። ብነግራት ግን አታምነኝም።

ወንድማችን አርባ አምስት ዓመት ሲሆናቸው እኔ ባለቤቴን በሞት አጣሁ። ሁለት ልጅ በእጄ፣ ሙያ የለኝ። ያን ጊዜ ወንድሜ ቢሮ ገብተው ተናግረው በኮንትራት በስታዲየሙ አስቀጠሩኝ። አረም እነቅላለሁ፣ መስመር አሰምራለሁ፣ ቱቦ እጎትታለሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምሳቸውን የሚበሉት እሳቸው ቤት ነበር። እትዬ፣ ባለቤታቸውን ማለቴ ነው፣ ከልጆቿ ሳትለይ አበላቻቸው። ይህን ጻፊ ያለኝ ባይኖርም እጽፈዋለሁ። ጋሪውን ግን ለብቻዬ ሰጥተውኝ አያውቁም ነበር። «ትደርሺበታለሽ» ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ሳምንት ደርሻለሁ።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው። የከተሞች ውድድር ፍጻሜ በእኛ ስታዲየም ሊደረግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሣሩ ማዳበሪያ የሚያገኝበት ቀን ደርሷል። በዚያው ዕለት እትዬ የሐሞት ጠጠር ይዟት ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገባች። ወንድሜ አራት ቀን ከአጠገቧ አልተነሡም። በሁለተኛው ቀን ስንቅ ይዤ ስሄድ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ነገ አንቺ በትኚው። ቁጥሩን እኔ አስተካክዬዋለሁ፣ አትንኪው። ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ። ፍሬው ያለፍሽበት ዱካ ድረስ ይድረስ፤ አደራሽን» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ፣ ምን ቸገረኝ» አልኳቸው።

አሁን ያደረግኩትን ልናገር። በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ ማንም ሳይኖር ጋሪውን ሞልቼ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ እንደተመላለስኩ ፍሬው ቀድሞ በወደቀው ላይ ሲወድቅ አየሁ። እኔ አንድ ሳሙና ለሁለት ቆርጬ የማብቃቃ ሴት ነኝ፤ ማዳበሪያ ባገኘ ሣር ላይ እንደገና ማዳበሪያ መጣል ብክነት ሆነብኝ። ጋሼ ስለ መደረብ የነገሩኝን ረስቼው አልነበረም፤ ከሳቸው ይልቅ የገባኝ መስሎኝ ነው። ስለዚህ ዱካዬን አራርቄ፣ ፍሬው በፍሬ ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቅኩ ጨረስኩ። እንዲያውም በጣም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

በወርድስ ሄድሽበት ወይ እንዳትሉኝ። በቁመት ስጨርስ ፀሐዩ በርትቷል፣ ልጆቼ ሊመጡ ነው፤ ሜዳውም በሙሉ የተዳረሰ መሰለኝ። ግን ብዙ ማዳበሪያ ተርፎኛል። ተርፎ ወደ መጋዘን ቢመለስ «ሥራውን አልሠራችም» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የተረፈውን ሁሉ ሞልቼ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላለመሳት ብዬ በዚያው በቀድሞው የጎማ ዱካ ላይ እየተመላለስኩ አፈሰስኩት። ዳር ላይ ስዞርም መዝጋቱን ረሳሁ። ቆጣቢ ነኝ ያልኩት ሰው በአንድ መስመር ላይ ሁለት እጥፍ ጨመርኩ፣ ከጎኑ ያለውን ጦሙን አሳደርኩ።

በአራተኛው ቀን ሜዳው ጉድ አወጣ። ዱካዬ የሄደበት መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ነደደ፤ በመካከሉ ያለው ገርጥቶ ቀረ። ከጎል እስከ ጎል ሠላሳ አንድ መስመር፣ አንድም ሳይዛነፍ። ከላይ ከትሪቡን ሲታይ የእግረኛ ማቋረጫ ነበር የሚመስለው። የውድድሩ ቀን የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች «መኪና መጣ፣ ዜብራው ላይ ተሻገሩ!» እያሉ ሲዘፍኑ ዋሉ። ስሙ በዚያ ቀን ነው የወጣው።

ወንድሜ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ትሪቡኑ ጫፍ ወጥተው ሜዳውን አዩት። እኔ ከታች ቱቦ ይዤ ነበር። ወረዱና ጎንበስ ብለው ሣሩን በጣታቸው ዳሰሱት። እያለቀስኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። «በሚመጣው ወር» አልኳቸው። «በቃ፣ አንቺ አልነበርሽም። አፍሽን ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። ልጆቼን አሰብኩና ያዝኩ።

ኃላፊው ሲጠይቃቸው «በማለዳ ከሆስፒታል ወጥቼ የበተንኩት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ለአሥራ ስድስት ዓመት እኩል የበተነ እጅ እንዴት እንዲህ ሠራ ቢሏቸው፣ «ባለቤቴ ታማብኝ ሐሳቤ ተበትኖ ነበር» ብለው ጻፉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እኔን ለመሸፈን ነው። ከሣሩ ሥራ ተነሥተው ወደ መኪና ማቆሚያው በር ተዛወሩ። ጡረታ እስከወጡ ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት እዚያ በር ላይ በእንጨት ወንበር ተቀመጡ።

ቅር አላላቸውም ብዬ በሬሳቸው ፊት አልዋሽም። ብሏቸዋል። በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን ሜዳው ውስጥ አልገቡም። «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረ ናና እየው» ስላቸው «ተይኝ እስቲ» ብለው መኪና ወደሌለበት ጎዳና ይመለከታሉ። ልጆች በሩን ሲያልፉ «ጋሽ ዜብራ!» ሲሉ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሏቸዋል። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ። ቱቦዬን ይዤ ወደ ሜዳው እመለሳለሁ።

ለእኔ ግን ጨክነውብኝ አያውቁም። ኮንትራቴ ታደሰ፣ ቋሚ ሆንኩ፣ ጋሪውም በእጄ ገባ። ከሥራ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ የጣሳ ክዳኖቹን ደርድረው አስተማሩኝ። ከወንበራቸው ሳይነሡ «ፍጥነትሽን ጨመርሽ፣ ሳህኗ አርቃ ወረወረች፤ እንደገና» ይሉኛል። የሳሳው በሳሳው ላይ ሲደረብ እኩል እንደሚሆን ዓይኔ ያየው ያን ጊዜ ነው። እኔ የሜዳው ኃላፊ ሆኜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ስወጣ፣ በፍሬም የተሠራ ምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ምስክር ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።

«ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። ልጆቼ ከደረሱ በኋላ ግን ሰበብ አልነበረኝም። አፍሬ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔና ጋሼ ብቻ የተጎዳንበት ነገር ነው፣ እሱም ይቅር ብሎኛል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሌላ ሰው መጎዳቱን አላወቅኩም ነበር።

ወንድማችን ላለፉት ስምንት ወራት በልብ ድካም ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆይተዋል። እግራቸው አብጦ ከአልጋ እስከ መስኮት መራመድ አቃታቸው። ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ የመድኃኒት ብርጭቆ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ድንገት ውኃውን ዘጋችና «እኔ እኮ ነኝ ልቡን ያደከምኩት። ያኔ ባልታመም ኖሮ ከሣሩ አያስወጡትም ነበር። ያቺ ጠጠሬ ናት ያስወጣችው» አለችኝ። የዝውውሩን ደብዳቤ እሱ ከደበቀበት አግኝታ አንብባው ኖሯል። «ባለቤታቸው በመታመማቸው ሐሳባቸው ተበትኖ» ይላል። ደብዳቤውን ሃያ አራት ዓመት በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር በታች አስቀምጣዋለች። አንድ ቀን አላነሣችበትም፤ እሱ አንድ ቀን እንዳላነሣባት ሁሉ። ያን ጊዜ እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ገብቼ ለወንድሜ ነገርኳቸው። ወንድሜ ሲያለቅሱ በዕድሜዬ ያየሁት እናታችን የሞተች ቀንና ያን ቀን ብቻ ነው። «አላውቅም ነበር፣ አላውቅም ነበር» እያሉ ትራሱን በእጃቸው ይጨብጡታል። «ለምን ታዲያ እውነቱን አልነገርካትም?» አልኳቸው። «ብነግራት ሁለታችሁ አትተያዩም ነበር፤ ልጆችሽ ደግሞ ከሷ እጅ ነበር የሚበሉት» አሉኝ። ከዚያም እንባቸውን ጠርገው «ቅዳሜ ልጆቹም ሲመጡ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ካቃተኝ ግን አንቺ ንገሪያት» አሉ። ሐሙስ ዕለት አንደበታቸው ተያዘ። ቅዳሜ ልጆቹ ሲመጡ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ወደ እኔ ያመላልሱ ነበር። ሁላችሁም ውኃ ጠምቷቸው መስሏችሁ ብርጭቆ አቀረባችሁ። ምን እንደፈለጉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በአልጋው ግራና ቀኝ እኔና እትዬ ፊት ለፊት ተቀምጠን እያለን ሦስት ቀን አንደበት አጣሁ።

ወንድማችን ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በባለቤታቸው እጅ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ለእትዬ እውነቱን ሳይነግሯት ነው የሄዱት። እሳቸው የሞቱት እኔ እነግራታለሁ ብለው አምነውኝ ነው።

እትዬ፣ እንግዲህ ስሚኝ። ሜዳውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አንቺ በሰመመን ተኝተሽ አላወቅሽም እንጂ፣ ጋሼ በዚያ ጠዋት ከአልጋሽ አጠገብ አልተነሣም፤ አንቺ ታምመሽ ሐሳቡ ተበትኖም አልነበረም። ሐሳቡ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ በኮሪደር ተቀምጦ ቁጥሩን፣ ቁመቱን፣ ወርዱን አንድ ባንድ አይነግረኝም ነበር። ጠጠርሽ ምንም አላደረገችም። ከመሳቢያሽ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ውሸት ነው፤ ውሸቱም የተጻፈው ለእኔ ሲባል ነው። ሃያ አራት ዓመት የእኔን ጥፋት አንቺ ተሸከምሽ፣ እኔ ደግሞ ቤትሽ እየመጣሁ ከእጅሽ በላሁ።

እናንተም፣ ዜብራ የሚለውን ስም ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አድርጉት። ወንድሜ እጃቸው እኩል ነበር።

ወንድማችን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ አንዲት የልጅ ልጅም አይተዋል። ከዚህም ሌላ ልጆቼ አባት ሲሞትባቸው አባት የሆኗቸው እሳቸው ናቸውና፣ ሁለቱ የእኔ ልጆች ከልጆቻቸው ጋር ይቆጠሩልኝ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምርቃት ነው፤ በሰው ፊት ያጣውን ክብር ፈጣሪ በራሱ ፊት ይመልስለት፣ ነፍሱን በለመለመ ቦታ ያኑርልን፣ ለልጆቹና ለባለቤቱ መጽናናትን ይስጥልን። ይኸው መጨረሻ ላይ «እሱ» ወደማለቱ ተመለስኩ፤ ጋሼ ግድ የለውም።

እትዬ፣ ወረቀቱ አልቋል። ከጎንሽ ያለው ባዶ ወንበር ለእኔ የተያዘ መሆኑን አይቻለሁ። ነይ ካላልሽኝ አልመጣም፤ እዚሁ ቆሜያለሁ።